ያልታተመው ድምር

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በአንድ የቡና ግዥ ቢሮ ስሠራ፣ ያረጀውን ዴስክቶፕ በአዲስ ላፕቶፕ መተካት ያዋጣ እንደሆነ በቁጥር አስደግፌ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። እኔም በሲ ቋንቋ አንድ ቢሊዮን ጊዜ የሚደምር አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። በአሮጌው ላይ ሰከንዶች የፈጀው ሥራ በአዲሱ ላይ ቁልፉን ከመጫኔ አለቀ፤ ሪፖርቱንም በኩራት ጽፌ አቀረብኩ።

የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ወረቀቱን አንብበው ሲያበቁ፣ «ድምሩ ስንት መጣ?» አሉኝ። ድምሩን አላተምኩትም ነበር። በላፕቶፑ ላይ ኮምፓይለሩ፣ ማለትም የጻፍኩትን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ኮዱን እንዲያፈጥን ስላዘዝኩት፣ ውጤቱን የሚፈልገው እንደሌለ አይቶ ድግግሞሹን ከነጭራሹ ሰርዞታል፤ በዴስክቶፑ ላይ ግን ይህን ትእዛዝ አልሰጠሁም። ያልተሠራ ሥራ ለክቼ ነበር ማለት ነው።

ነገሩ የቆየ በሽታ ነው። ራይንሆልድ ቫይከር በ1984 እ.ኤ.አ. በኤዳ ቋንቋ ያዘጋጀው፣ በኋላም በሲ ተጽፎ የተስፋፋው ድራይስቶን የተባለው የኮምፒውተር ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ከዚሁ አላመለጠም። በሰከንድ 1757 ዙር የሚጨርሰው ቫክስ 11/780 የተባለ ኮምፒውተር እንደ 1 ሚፕስ (በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ትእዛዝ) ተቆጥሮ ሌሎች ማሽኖች በእርሱ ይመዘኑ ነበር፤ ልክ እኛ ቡናን በ17 ኪሎው ፈረሱላ እንደምንመዝነው። ይሁንና ማሽኑ ሳይነካ ኮምፓይለሩ ብቻ ሲለወጥ ውጤቱ ይለወጣል፤ እንዲህ ያለ ሚዛን ይዞ ገበያ የወጣ ነጋዴ ከገበሬው ጋር መጣላቱ አይቀርም።

ስለዚህ በእውነተኛው ሥራችን፣ የግዥ ደረሰኞችን አንብቦ ኪሎውን ወደ ፈረሱላ በሚቀይረው የፓይተን ፕሮግራም ለመለካት ወሰንኩ። ዴስክቶፑን ጠዋት ለካሁ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጥል መብራት ጠፋ፤ በባትሪ ያስነሣሁት ላፕቶፕም ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ከአሮጌው እምብዛም ሳይለይ ጨረሰ። መብራት ሲመለስ ቻርጀሩን ሰክቼ ስደግመው ፈጠነ። አንዱ ላፕቶፕ በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት ፕሮሰሰር የያዘ መሰለ።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ግን የራሴ ኮድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ የዋጋ ፋይሉን እንደገና ከፍቶ ያነብ ነበር። ፋይሉን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያነብ ሳስተካክለው፣ አሮጌው ዴስክቶፕ ላፕቶፑ በቻርጀር ካስመዘገበው የቀድሞ ፍጥነት በለጠ። የግዥው ጥያቄ በዚያው ቀረ። አዲሱን ሪፖርት ይዤ ስገባ ኃላፊዋ ስለ ሰከንዶቹ ምንም ሳይሉ በመጀመሪያ ድምሩን ጠየቁኝ፤ በዚህ ጊዜ አትሜው ነበር።