ድሬ ላይ ደሞ ላብ ጠፋ እንዴ?

ባለፈው ሳምንት አንድ የሁለተኛ ዓመት የሳይኮሎጂ ተማሪ በቴሌግራም «ሃንድአውት አለሽ ወይ» ብሎ ጻፈልኝ፣ ላኩለት፣ ከዛ ወሬ ስንጀምር «በናንተ ጊዜ ፕራክቲካል ነበር?» አለኝ። አልነበረም አልኩት። «እኛም ጋ የለም፣ ላብ የለንም ይሉናል» አለ።

በድሬ ሙቀት ላብ የለንም ማለት ራሱ ያስቃል። ግን የምር ይሄ ነገር ከተማሪነቴ ጀምሮ ሲያናድደኝ የኖረ ነው፣ ምክንያቱም ሳይኮሎጂ፣ ሶሲዮሎጂና ኤዱኬሽን የሚማር ሰው ላብ የሚያስፈልገው እንደ ኬሚስትሪ ልጆች ነጭ ጋዋን ለብሶ አይደለም፣ የኛ ትምህርት ስለ ሰው ነው፣ ሰው ደሞ ከግቢ በር ወጣ ስትሉ ሞልቷል። እኔ ራሴ የፒያዤን (የልጅ አስተሳሰብ በዕድሜ እንዴት እንደሚያድግ ያጠናው ሰውዬ) አራት ደረጃዎች ከነዕድሜያቸው ሸምድጄ፣ ሚድ ላይ ዘርግፌ፣ ኤ ወስጃለሁ። አንድም ቀን ግን አንድ ህፃን ፊት ቁጭ ብዬ ምንም ነገር ጠይቄ አላውቅም ነበር። የሚገርመው ደሞ ይሄ ኮልብ የሚባለው ሰውዬ፣ በፈረንጅ 1984 ሰው በልምድ እንዴት እንደሚማር አራት እርምጃ ያስቀመጠው (ትሰራለህ፣ ዞር ብለህ ታያለህ፣ ሐሳብ ታወጣለታለህ፣ እንደገና ትሞክራለህ)፣ እሱንም ራሱን ሸምድደን ነው ያለፍነው።

የመጨረሻ ዓመት ላይ ሳቢያን አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ ነበር። አከራዬ ከሐረር መንገድ የመጡ ኦሮሞ ናቸው፣ አዴ ነበር የምላቸው፣ የስድስት ዓመት የልጅ ልጅ አላቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰፈሩ በሙሉ ከሙቀት ተሸሽጎ ጭጭ ባለበት ሰዓት፣ የፒያዤን የውሃ ነገር ልሞክር አሰብኩ። ለማታውቁት፣ ሁለት እኩል ብርጭቆ ላይ እኩል ውሃ ታደርጋለህ፣ ልጁ እኩል ነው ይልሃል፣ ከዛ አንዱን ወደ ረጅምና ቀጭን ብርጭቆ ትገለብጥና አሁንስ ትለዋለህ። ፒያዤ እንደሚለው ከሰባት ዓመት ምናምን በታች ያሉ ልጆች ብዙውን ጊዜ ረጅሙ ይበልጣል ይላሉ፣ ከፍታውን ብቻ ስለሚያዩ። አዴን መጀመሪያ አስፈቀድኳቸው፣ «ልጁን ትንሽ ፈተና ነገር ልጠይቀው?» ስላቸው «ከወደቀ ትምህርት ቤት ይሰማል?» አሉኝ። አይሰማም አልኳቸው።

ውሃ አሰልቺ ነው ብዬ ቪምቶ በጥበጥኩ። ትልቁ ስህተቴ እሱ ነው። ሁለት የሻይ ብርጭቆ ሞላሁ፣ ልጁ ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አስተያየና «እኩል ነው» አለ፣ አንዱን ወደ ረጅሟ የጁስ ብርጭቆ ገለበጥኩና «አሁንስ የቱ ይበልጣል?» ስለው ቀጥ ብሎ ወደ ረጅሟ ጠቆመ። ደስ አለኝ ወላሂ! ፒያዤ ልክ ነው ብዬ ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ ቀና ስል ረጅሟ ብርጭቆ ባዶ ናት፣ ልጁ አፉ ዙሪያ ወይን ጠጅ ቀለም ሆኖ ያየኛል። ሙከራውን ጠጣው።

በማግስቱ እንደገና ሞከርኩ፣ አሁን ግን ስምንተኛ ክፍል ያለች እህቱ በኦሮምኛ ጠየቀችው፣ ቤታቸው ውስጥ ኦሮምኛ ነው የሚያወሩት። እኔ እንዳደረግኩት መጀመሪያ «እኩል ነው?» አላለችውም፣ ዝም ብላ ፊቱ ቀዳች፣ ገለበጠች፣ አንዴ ብቻ ጠየቀች። ልጁ ገና ሳትጨርስ «ቶኩማ» አለ፣ ያው ነው፣ አንድ ነው ማለቱ ነው። ደሞ ረጅሟን አንስቶ ወደ ሻይ ብርጭቆው መልሶ የሚገለብጥ ዓይነት በእጁ አሳየን።

እኔ ክው አልኩ። ፒያዤን ጣልኩት ብዬ ጨፈርኩ፣ ሮጬ ለጓደኛዬ ደወልኩ። እሱ ዝም ብሎ ሰምቶኝ ሲያበቃ «ስንት ነገር ነው የቀየርሽው?» አለኝ። ቋንቋው ተቀይሯል፣ ጠያቂዋ ተቀይራለች፣ ጥያቄው ከሁለት ወደ አንድ ወርዷል፣ ልጁ ደሞ ጨዋታውን ትናንት አይቶታል። የትኛው ነው መልሱን የቀየረው? አላውቅም፣ ማወቅም አልችልም። ኮንፋውንዲንግ ቫርያብል (ከምትፈትነው ነገር ጋር አብሮ ተቀይሮ ውጤቱን የሚያምታታ ነገር) የሚለውን በፈተና ሦስት ጊዜ በትክክል ተርጉሜዋለሁ፣ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው፣ በተጣበቀ የቪምቶ ጠረጴዛ ላይ።

ከዛ ነው ማንበብ የጀመርኩት፣ ያውም ማንም ሳያስገድደኝ። ለካ በፈረንጅ 1974 ሱዛን ሮዝ እና ማሪየን ብላንክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ይሄንኑ አይተውታል፣ እነሱ በውሃ ሳይሆን በተደረደሩ ነገሮች ቁጥር ነው የሞከሩት፣ ድርድሩን ከቀየሩ በኋላ አንዴ ብቻ ሲጠይቁ ልጆቹ የሚሳሳቱት ቀነሰ። ይሄ ለኛ ግልጽ መሆን የነበረበት ነገር ነው እኮ። እኛ ሀገር ትልቅ ሰው አንድን ጥያቄ ሁለቴ ከጠየቀህ የመጀመሪያው መልስህ ስህተት ነበር ማለት ነው፣ ትቀይራለህ፣ አለቀ። ብላክቦርድ ፊት ቆሞ «እርግጠኛ ነህ?» የተባለ ሁሉ ያውቀዋል። የቋንቋውም ነገር ቢሆን ድሬ ላይ ቀላል አይደለም፣ እዚህ ከተማ ልጆች በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም ነው የሚማሩት፣ እኔ ደሞ በአማርኛ ጠይቄ «ይሄ ልጅ አልደረሰም» ብዬ ጽፌ ነበር። አማርኛውን ይሆን የፈተንኩት ጭንቅላቱን?

ያ የደወልኩለት ጓደኛዬ ሶሲዮሎጂ ነው የተማረው፣ የሱ ደሞ ሌላ ጉድ ነው። ጋርፊንከል የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት ነበር፣ ሰው ሳያስበው የሚከተለውን ደንብ ለማየት ደንቡን አፍርሰው ይል ነበር፣ ተማሪዎቹን ዋጋው የተቆረጠ ዕቃ ላይ ሄዳችሁ ተከራከሩ ብሎ ልኳቸዋል። ጓደኛዬ ለድሬ ሲሆን ገለበጠው፣ ታይዋን ገበያ ገብቶ ሳይከራከር ሊገዛ። ጫማ ጠየቀ፣ ሻጩ 1,800 አለው፣ ጓደኛዬ ቆጥሮ ሰጠው። ሻጩ ብሩን አየ፣ ልጁን አየ፣ ብሩን ወደ ብርሃን አንስቶ አንድ በአንድ ፈተሸ። «አቦ፣ ደህና ነህ?» አለው። ደህና ነኝ። ጎን ያለውን ነጋዴ ጠርቶ በሶማልኛ የሆነ ነገር አወሩ። በመጨረሻ 300 ብር መልሶለት «ያዝ፣ እንዲህ አታርግ» ብሎ ተቆጣው፣ እውነት ተናዶ ነው የሚለው። ጓደኛዬ ያን ሳምንት ዳቦ በሻይ ነበር የሚበላው ግን ስለ ክርክር ያለውን አመለካከት እስከዛሬ ሲያወራው አይጠግብም፣ ክርክሩ ዋጋ ለማውረድ ብቻ ሳይሆን መተዋወቂያም ነው፣ ዝም ብለህ ከከፈልክ ሰላም ሳትል ቤት እንደገባህ ነው የሚቆጠረው ይላል።

በጣም ርካሹን ከፈለጋችሁ የስትሩፕን ሞክሩ፣ በፈረንጅ 1935 የወጣ ነው፣ «ቀይ» የሚለውን ቃል በሰማያዊ እስክሪብቶ ትጽፉና ቃሉን ሳይሆን ቀለሙን በሉ ትላላችሁ፣ ሰው ይንተባተባል፣ በስልክ ሰዓት ትይዛላችሁ። ዶርም ውስጥ የሶማልኛ፣ የኦሮምኛና የአማርኛ አንባቢ ካለ ደሞ የትኛው ቋንቋ ማንን እንደሚያደናቅፍ ማየት ነው፣ ወጪው ሦስት እስክሪብቶ። ኤዱኬሽኖች ቢያንስ ፕራክቲከም አላችሁ፣ እኔ ስለ ማይክሮቲቺንግ (ጓደኞቻችሁን እንደ ተማሪ አስቀምጣችሁ የምታስተምሩበት ልምምድ) ብዙ አልልም፣ ጺም ያበቀለ ሁሉ ሦስተኛ ክፍል ሆኖ «ቲቸር ሽንት ቤት» የሚልበትን ታውቁታላችሁ። እውነተኛ ክፍል ውስጥ ግን ማንም አይተውንላችሁም።

አሁን ደስ የማይለውን ልናገር። በአንድ ኮርስ ለግሩፕ አሳይመንት ቃለ መጠይቅ አድርጉ ተባልን፣ እኛ «ትራውማ» ብለን መረጥን፣ ቃሉ ስለከበደ ነው መሰለኝ። በኛ አቆጣጠር 1998 ክረምት፣ ሌሊት፣ ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን ሲመታ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል፣ ብዙዎቻችሁ ከቤተሰብ ሰምታችኋል። በሰው በሰው ጎርፉ የደረሰባቸውን አንዲት እናት አገኘን፣ ሦስት ሆነን ሄድን፣ 15 ጥያቄ ታይፕ አድርገን። ሻይ አፈሉልን። ጥያቄ ቁጥር 4 «በአደጋው ምን ያህል ንብረት ጠፋብዎት?» ይል ነበር፣ እኔ ነኝ ያነበብኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፣ ከዛ «ንብረት ነው የምትጠይቁኝ?» አሉ።

ማናችንም ምን እንደምንል አላወቅንም። አንዷ ማልቀስ ጀመረች፣ እሳቸው ናቸው ያባበሏት። አስራ አንዱ ጥያቄ ሳይጠየቅ ወጣን፣ ቀሪውን ከኢንተርኔት ሞልተን አስገባን፣ ከ20 18 አገኘን፣ ማርጂኑ ተስተካክሎ ነበራ። ማንም «ሴትዮዋስ እንዴት ሆኑ?» አላለንም። የትምህርት ፈላስፋው ዲዊ በፈረንጅ 1938 ልምድ ሁሉ አያስተምርም፣ አንዳንዱ ያበላሻል ብሏል፣ እኔ ስለ እኛ ያለው ነው የመሰለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለ ወረቀት ተመልሰን ሄድን፣ ስኳርና ቡና ይዘን፣ ስለ ጎርፉ ምንም አላነሳንም፣ ስለ ልጃቸው ሠርግ አወሩን።

እና ለቴሌግራሙ ልጅ የጻፍኩለት ይሄን ነው፣ ሲጀመር የሰው ቁስል አትንካ፣ ለሱ የሚቆጣጠርህ የሰለጠነ ሰው ሲኖርህ ትደርስበታለህ። በቀላል ነገር ጀምር፣ ጥያቄህን መጀመሪያ ጓደኛህ ላይ ሞክረው፣ ልጅ ከሆነ እናቱን አስፈቅድ፣ ስሙን አትጻፍ፣ ያየኸውን እዛው ምሽት ሳትተኛ ጻፍ ምክንያቱም ጠዋት ላይ ያየኸውን ሳይሆን ያነበብከውን ነው የምትጽፈው። አንድ ነገር ብቻ ቀይር።

«ስንት ህፃን ይበቃል?» አለኝ።

በአንድ ጀምር አልኩት። ቪምቶ ግን ሁለት ጠርሙስ ግዛ፣ አንዱን መጨረሻ ላይ ለልጁ የምትሰጠው።