«ስንት?» የምትለዋን ጥያቄ ማስተማር ለምን እንዲህ ከበደኝ

የማስተምረው የአየር ንብረትና ኃይል ኮርስ በተጀመረ የመጀመሪያው ቀን አንድ ጥያቄ አለችኝ፣ በየዓመቱ የማልቀይራት። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ስንት ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል? ፎርሙላ የለም ስልክ የለም፣ ገምታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ እላለሁ። አብዛኛው ከ1 ኪሎ በታች ይጽፋል። ምክንያታቸው ደግሞ ሞኝነት አይደለም፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ራሱ ሲመዘን 0.75 ኪሎ ገደማ ነው፣ ታዲያ ከዛ በላይ ከየት ይመጣል ነው የሚሉት። መልሱ ወደ 2.3 ኪሎ ነው ስላቸው ክፍሉ ይንጫጫል። ባለፈው ዓመት አንዷ «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ተሳስተዋል» ብላኝ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ምክንያቱም ቁጥሩን ዝም ብላ አልተቀበለችኝም። የረሳችው ኦክስጅኑን ነው። 12 ግራም ካርቦን ሲቃጠል ከአየር ላይ 32 ግራም ኦክስጅን ይዞ 44 ግራም ሆኖ ነው የሚወጣው። ይሄን ኬሚስትሪ እኮ ሃይስኩል ተምረውታል፣ ፈተና ላይ ቢመጣ ባላንስ አድርገው ነው የሚሰጡህ፣ ከመኪና ጭስ ጋር ግን አገናኝቶ ያሳያቸው ሰው የለም።

እኔም ብሆን መጀመሪያ አካባቢ እንደዛው ነበርኩ። ስላይድ በስላይድ ነበር፣ የአየር ንብረት ለውጥ፣ ታዳሽ ኃይል ምናምን፣ ከ1958 ጀምሮ ሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ ሲለካ የቆየውን አየር ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግራፍ አሳያለሁ፣ 315 አካባቢ ጀምሮ አሁን ከ420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ሞለኪውል ስንቱ ማለት ነው) አልፏል እላለሁ፣ ተማሪዎቹ ይጽፋሉ፣ ፈተና ላይ መልሰው ይሰጡኛል፣ ሁላችንም ደስ ብሎን እንለያያለን። ከዛ አንድ ፋይናል ላይ ቀላል ነው ያልኩትን ጥያቄ አወጣሁ፣ 300 ዋት የሚል የተጻፈበት ሶላር ፓናል በቀን ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል የሚል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 300ን በ24 አባዝተው 7.2 አሉኝ። ሌሊት የሚባል ነገር የለም ማለት ነው! 300 ዋት የሚለው እኮ ላብ ውስጥ 1000 ዋት በካሬ ሜትር ብርሃን እየተለቀቀበት ፓናሉ ደግሞ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ የተለካ ነው፣ ጣራ ላይ ሲወጣ ይግላል፣ በአንድ ዲግሪ ወደ 0.4 ፐርሰንት ይቀንሳል፣ አቧራ አለ፣ የፓናሉን ኤሌክትሪክ ለቤት መብራት የሚመች አድርጎ የሚቀይረው ኢንቨርተርም የራሱን ይወስዳል። ቀኑን ሙሉ ያለውን ፀሐይ ጨምቀህ 5 ሰዓት ሙሉ ብርሃን ብታገኝ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ እሱም ሳይቀናነስ። ወረቀቱን ሳርም ልጆቹ ላይ ተናድጄ ነበር፣ ማታ ላይ ግን ዋት (በቅጽበቱ ያለ ኃይል) እና ዋት ሰዓት (በጊዜ ብዛት የተጠራቀመው) የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እኔ ራሴ ስንት ደቂቃ እንዳስተማርኩ ሳስበው አፈርኩ።

ከዛ በኋላ ግማሹን ኮርስ ወደ መለካት ቀየርኩት። ግሩፕ ሆነው የምንማርበትን ሕንጻ ይይዛሉ፣ ሕጉ አንድ ነው፣ ሳትለኩ መፍትሔ ማምጣት ክልክል። ምክንያቱም ሁሉም ግሩፕ፣ እውነቴን ነው ሁሉም፣ ገና ስም ዝርዝሩን ሳያስገባ «ጣራው ላይ ሶላር እንትከል» ብሎ ነው የሚመጣው። አንደኛው ግሩፕ አኩርፎ ክላምፕ ሜትር (ሽቦ ላይ ቆንጥጦ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚለካ መሣሪያ) ይዞ ሄደ፣ ለአንድ ሳምንት በየሰዓቱ ተራ እየገቡ መዘገቡ። ምን አገኙ? ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ሰው የሚባል በሌለበት፣ ሕንጻው የቀኑን አንድ ሦስተኛ ያህል ይጎትታል። ፈልገው ፈልገው የአየር ማናፈሻዎቹ ናቸው፣ ታይመሩ ተሳስቶ ሌሊቱን ሙሉ በሙሉ ፍጥነት ይሽከረከራሉ። የጥገና ሠራተኛውን ሲጠይቋቸው «እኔማ ድሮ ነው የማውቀው፣ ማን ጠይቆኝ ልናገር» አሏቸው። ይቺ ዓረፍተ ነገር የእኔን አሥር ሌክቸር ታስከነዳለች።

ፋን ደግሞ ጉድ አለው፣ የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ነው የሚሄደው። ፍጥነቱን በ20 ፐርሰንት ብትቀንሰው 0.8 በ0.8 በ0.8፣ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ተማሪዎቹ ይሄን ራሳቸው ሲደርሱበት የነበረው ጩኸት ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር። የሚያስፈልገውን ሶላር ፓናል በኋላ አሰሉት፣ ብክነቱ ከተቀነሰ በኋላ መጀመሪያ ካሰቡት በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

አንድ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ሳልለካ የማሳልፈው ቶማስ ሚጅሊ ለሚባል ኢንጂነር ነው። ሰውየው 1921 ላይ ሞተር እንዳይንኳኳ ቤንዚን ውስጥ ሊድ (እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት) መጨመር አገኘ፣ ችግሩ ተፈታ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የፍሪጅ ጋዞች መርዛማ ነበሩና ሰው የማይመርዝ የማይቃጠል ጋዝ ከጓደኞቹ ጋር ሠራ፣ ሲኤፍሲ። እሱም ተፈታ። ሊዱ ስንት ትውልድ ሕጻናት ደም ውስጥ ገባ፣ ሲኤፍሲው ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከልልንን የኦዞን ንብርብር ሊበላ እንደሚችል ኬሚስቶቹ ሞሊና እና ሮውላንድ 1974 ላይ ጻፉ፣ በ1987 እነዚህን ጋዞች የሚገድበው የሞንትሪያል ስምምነት መጣ። ከዛ ሰውየው ጥፋተኛ ነው ወይ ብዬ ዝም እላለሁ። ግማሹ ክፍል አያውቅም ነበር ብሎ ይከራከርለታል፣ ሲኤፍሲው ላይ እውነት ነው፣ ሊዱ ላይ ግን ራሱ 1923 ላይ በሊድ ታሞ እረፍት ወጥቶ እንደነበር ስነግራቸው ክርክሩ ሌላ ይሆናል። አንድ ጊዜ የእረፍት ሰዓት አልፎ የሚቀጥለው አስተማሪ በር ላይ ቆሞ ጠብቆናል።

የሚያጣላኝ ግሬዱ ነው። አንድ ግሩፕ ከካፍቴሪያ ትርፍራፊ ባዮጋዝ እንሠራለን ብሎ ለሁለት ሳምንት ትርፍራፊውን መዘነና «አይበቃም፣ አያዋጣም» ብሎ ሪፖርት አስገባ፣ ስሌቱ ንጹህ ነበር፣ ኤ ሰጠኋቸው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ምንም ያልሠራ ግሩፕ እንዴት ኤ ያገኛል» አለኝ። እስካሁን አልተስማማንም፣ ሻይ ላይ ስንገናኝ አሁንም ያነሳብኛል።

ትናንት ማታ ከተመረቁት አንዱ ፎቶ ላከልኝ፣ የሚሠራበት ቢሮ ቆጣሪ ነው፣ ሰዓቱ ከሌሊቱ 7 ከ20 ይላል። ከስሩ የጻፈው «ቲቸር፣ እዚህም አለ» ብቻ ነው። ስንት ነው ብዬ መለስኩለት፣ እያሰላ ነው።