ኒቢሩ አሁን የት መድረስ ነበረባት?

ተማሪዎቼ ሰሞኑን በቴሌግራም የሚቀባበሉት ቪዲዮ እንደገና ስለ ኒቢሩ ነው፤ ከፀሐይ ጀርባ ተሰውራ እየመጣች ምድርን ታጠፋለች ስለምትባለው ፕላኔት። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ «መምህር፣ እውነት ከሆነ ለፈተና መዘጋጀቱ ምን ይጠቅመናል?» ብላ ጠየቀችኝ። በጣም ተናደድሁ፤ በእሷ ሳይሆን የልጆችን ፍርሃት እየቸረቸሩ ተመልካች በሚሰበስቡት ሰዎች።

ወሬው አሮጌ ነው። ናንሲ ሊደር የተባለች አሜሪካዊት ከሌላ ዓለም ፍጡራን መልእክት ይደርሰኛል ብላ ጥፋቱን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 ቀጠረችው። ቀኑ አለፈ። ቀጠሮው ወደ ታኅሣሥ 12 ቀን 2005 ዓ.ም. ዞረ፤ እሱም አለፈ። ሌላ ሰው ደግሞ መስከረም 13 ቀን 2010 ዓ.ም. አለ። የተሳሳተ ቀን ይቅርታ ሳይጠየቅበት በአዲስ ቀን ይተካል።

እኔ ግን ክርክሩን ወደ ሰሌዳው ወሰድሁት። ኒቢሩ በ3,600 ዓመት አንድ ጊዜ ትመጣለች ይሉ የለ? እንግዲያው እጅግ ከሩቅ ወደ ፀሐይ የምትወድቅ አካል ናት፤ ፍጥነቷንም የሚወስነው የፀሐይ ስበት ነው። ስሌቱን አብረን ሠራን። ልትደርስ አንድ ዓመት ሲቀራት ከፀሐይ ያላት ርቀት 840 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጁፒተር ያለችው 780 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ እሷን ደግሞ ማንም እረኛ ያለ መሣሪያ ያያታል። ምድርን የምታህል ፕላኔት እዚያ ብትደርስ በጠራ ሌሊት በዓይን ትታያለች። የትኛው መንግሥት ነው ሰማይን ከእረኛ የሚደብቀው?

«ከፀሐይ ጀርባ ናት» የሚለውም አይቆምም። ምድር ፀሐይን ስለምትዞር ዛሬ ከጀርባዋ ያለው ከስድስት ወር በኋላ በሌሊት ሰማያችን ላይ ይወጣል። በቪዲዮው «ሁለተኛ ፀሐይ» የተባለው ደግሞ በካሜራው ሌንስ ውስጥ የተንጸባረቀ ብርሃን ነው፤ ካሜራው ሲዘነብል አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ዋይዝ የተባለው የናሳ ቴሌስኮፕ ሰማዩን በሙሉ በሙቀት ጨረር ቃኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ውጤት መሠረት ከምድር እስከ ፀሐይ ያለው ርቀት 10,000 እጥፍ እስኪሆን ድረስ ሳተርንን የሚያህል ስውር ፕላኔት የለም።

አዎ፣ ባቲጊንና ብራውን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ዘጠነኛ ፕላኔት ሊኖር ይችላል ብለዋል። ይህ ከኒቢሩ ጋር መምታታት የለበትም። እነሱ የሚሉት ፕላኔት፣ ካለ፣ ከኔፕቱን እጅግ ርቆ የሚዞርና ወደ እኛ ፈጽሞ የማይቀርብ ነው። ቢገኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። ኔፕቱንም የተገኘችው እንዲሁ ነበር፦ ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ለቬሪየ ዩራነስ ከተሰላላት መንገድ መዛነፏን ተመልክቶ የኔፕቱንን ቦታ በወረቀት አሰላ፤ ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ጋለ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1846 ከበርሊን ቴሌስኮፑን ወደዚያ አቀና፤ በዚያው ሌሊት አገኛት። ለቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ያዘጋጀሁት ይህንን ስሌት ነው።