መቀነት፣ ፓቫሮቲና የኔ አራት ሰከንድ

ባለፈው ማክሰኞ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ቁጭ ባለበት ሰዓት፣ የላይኛዋን «ላ» ኖታ ሳትሰበርብኝ አራት ሰከንድ ዘፍኜ ያዝኳት። ስልኬ ላይ ቀድቻታለሁ፤ ሃያ ጊዜ ሳልሰማት አልቀረሁም። አራት ሰከንድ ናት ብላችሁ አትናቁብኝ፣ 14 ወር ፈጅታብኛለች።

ለአዲሶች፦ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ቀን ሒሳብ ሥራ፣ ማታ የኦፔራ ዘፈን ልምምድ። የመጀመሪያዎቹ ወራት የሁላችሁም ናቸው፤ ዶ ሬ ሚ፣ የጦስኝ ሻይ፣ ተስፋ መቁረጥ። ኖታ ማንበብ ግን ሆን ብዬ ዘለልኩ። «ፓቫሮቲም የኦርኬስትራ ኖታ ማንበብ አልችልም ብሏል» እያልኩ በታላቁ ጣልያናዊ የኦፔራ ዘፋኝ እፎክር ነበር። ሰውየው ግን ያደገው ጣልያን፣ ሞዴና ውስጥ፣ ዳቦ ጋጋሪም ቴነርም (ቀጭን የወንድ ድምፅ ያለው ዘፋኝ) ከሆነ አባት ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 አባትና ልጅ ከከተማቸው መዘምራን ጋር ዌልስ ድረስ ሄደው ውድድር አሸንፈው ተመልሰዋል። የኔ አባት ሲዘፍን የሰማሁት አንዴ ነው፣ እሱም ሰርግ ላይ።

ዋናው ጣጣዬ ድምፅ ከታችኛው ወደ ላይኛው የሚያልፍባት መሸጋገሪያ ነበረች። ጣልያኖች ፓሳጅዮ ይሏታል፤ ለቴነር ፋና ፋ ሻርፕ አካባቢ ያለች ጠባብ በር ናት። እዚያ ስደርስ አገጬ ይቀናል፣ አንገቴ ይገታተራል፣ ድምፄ እንደ ጎረምሳ ይሰነጠቃል። አንድ ማታ አከራዬ በሬን አንኳኩተው «ልጄ፣ አሞሃል እንዴ? ዳማከሴ ልጨምቅልህ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ቁም ሳጥን ከፍቼ፣ ጭንቅላቴን ልብሶቹ መሃል ወሽቄ ነው የምለማመደው። ሰበብም አላጣሁም፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው እል ነበር። እንጦጦ ላይ የሚሮጡትን እያየሁ!

ያነቃኝ የፓቫሮቲ የራሱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ከአውስትራሊያዊቷ ሶፕራኖ (ቀጭን የሴት ድምፅ ያላት ዘፋኝ) ከጆአን ሰዘርላንድ ጋር አገሯን እየዞረ ሲዘፍን፣ ጣልያን፣ ሬጆ ኤሚሊያ ላይ «ላ ቦኤም» በተባለው ኦፔራ ከጀመረ አራት ዓመት አልፎታል፤ ለንደንም ዘፍኗል። ያም ሆኖ እጁን የጎድን አጥንቷ ላይ እያሳረፈ አተነፋፈሷን ያጠና ነበር። እንጀራ የሚበላበትን ሙያ እንደገና «ሀ» ብሎ ጀመረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቤት ከእሷው ጋር ቆሞ፣ በአንድ አሪያ (በኦፔራ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን የሚዘፍነው ዜማ) ዘጠኝ የላይኛ ዶ የደረደረው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔም ሰዘርላንድ ባይኖረኝ እህቴ አለችኝ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ስትዘምር ነው ያደገችው። ቅዳሜ ስትመጣ እጄን ጎኗ ላይ አድርጌ አዘመርኳት። መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰች። ስትረጋጋ ግን ስንኙ እስኪያልቅ የጎድን አጥንቷ እንደተነፋ ቆየ። የኔ በሁለተኛው ቃል ይሟሽሻል። ያኔ የእማዬን መቀነት አውጥታ ደረቴ ሥር ጠበቅ አድርጋ ጠቀለለችልኝና «እየዘፈንክ ከላላ ተበልተሃል» አለችኝ። ይኸው ነው መሣሪያዬ። በመቀነት ታስሬ «ስስስ» እያልኩ ትንፋሼን ቀስ ብዬ አወጣለሁ፤ ከ12 ሰከንድ ተነስቼ 31 ደርሻለሁ። አንገቴን ረስቼ ጎኔን ብቻ ስጠብቅ፣ ያቺ በር ሳላንኳኳት ተከፈተች።

ስለዚህ «በ30 ቀን ቴነር» የሚሉትን ቪዲዮዎች ተዉ፤ የሰው ጎን ዳስሱ፣ አስፈቅዳችሁ። ቅቤም ማርም መዋጥ ይቅርባችሁ። የሚዋጥ ነገር የድምፅ አውታርን አይነካም፤ ቢነካማ ትን ይላችሁ ነበር። «ኔሱን ዶርማ» የምትባለዋን አሪያም አትቸኩሉባት። እ.ኤ.አ. በ1990 የዓለም ዋንጫ ሰሞን ፓቫሮቲ ሲዘፍናት ዓለም ያበደላት የመጨረሻዋ ሲ፣ ኖታው ላይ ብልጭ ብላ የምታልፍ ናት፤ ረጅሟ ቀጥላ የምትመጣው ላ ናት። ይህንንም ያወቅሁት ኖታ ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ይህን እየጻፍኩ ግን ድምፄ ተዘግቷል። ማክሰኞ ላ ስትያዝልኝ ጊዜ፣ መቀነቱን ፈትቼ ጥዬ ሲ ላይ ዘለልኩ። ሦስት ቀኔ ነው፣ በሹክሹክታ ነው የማወራው። ትናንት አከራዬ ዳማከሴ በቡና አድርገው አመጡልኝ። ተቀብዬ ጠጣሁት።