የጅብ ነው ያልነው ጉድጓድ

ፀጉሬን በርካሽ ተቆርጬ ቤት ስገባ እናቴ «ደግሞ ጃርት የበላው ዱባ መስለህ መጣህ?» ትለኝ ነበር። ጃርት ዱባ ሲበላ ግን አይቼ አላውቅም። ዱባው ይቅርና ጃርቱንም አይቼ አላውቅም። ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ያደገ ልጅ ስለ ጃርት የሚያውቀው እሾሁን ብቻ ነው። እሱንም አክስቴ ሹሩባ ስትሠራ የፀጉር መስመር የምታወጣበትን።

ጊዜው ጥር 2009 ዓ.ም. ነው። ከደምበጫ ወጣ ብሎ ገጠር የሚኖረውን አጎቴን ልጠይቅ ሄድኩ። በመስኖ ድንች ተክሎ ነበር። ሰላምታውን በወጉ ሳንጨርስ ወደ ማሳው ይዞኝ ወረደ።

«ና እስቲ ልጅየ፣ ጉድ እይ።»

የድንቹ አገዳ እንደቆመ ነው፣ ቅጠሉ ግን ጠውልጓል። ሳብ ሳደርገው ያለምንም ትግል እጄ ላይ ቀረ። ከሥሩ አንዲት ድንች የለችም።

«ምን በላው ጋሸ?»

«ጃርት ነዋ! ሌላ ማን እንዲህ ለቅሞ ይበላል?»

ጉድጓዱን ፈልጎ በርበሬ ሊያጥንበት አስቧል። እኔ ደግሞ ከማጠንህ በፊት አንዴ ልየው አልኩት። ሳቀ። «ሌባ ለማየት ውጭ የሚያድር ሰው ገና አንተን አየሁ» አለና አንድ ሳምንት ሰጠኝ። ሁለት ነገር ግን አስጠነቀቀኝ። አንደኛ፣ ብቻዬን እንዳልወጣ፣ ጅብ አለ። ሁለተኛ፣ ለጎረቤቶቹ ሳልናገር እንዳልወጣ። በጨለማ ሰው ማሳ ዳር የተቀመጠ ሰው ሌባ ነው፣ ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ የአጎቴ ልጅ አብሮኝ እንዲያድር ሆነ፣ ለጎረቤትም ተነገረ። መንደሩ ሁሉ ሳቀብኝ። ይሁን።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች በከንቱ አቃጠልኳቸው። ከማሳው በላይ ካለው ሸጥ ውስጥ አንድ ሰፊ ጉድጓድ አገኘሁና ፊት ለፊቱ ቁጭ አልኩ። አልወጣም። በማግስቱም ቁጭ አልኩ። አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠጋ ብዬ ሳየው አፉ ላይ ሸረሪት አድርታለች። ድሩ ላይ አቧራ ተኝቷል። ሁለት ሌሊት ሙሉ የሸረሪት ቤት ስጠብቅ ነበር! ቀን ብርሃን እያለ አምስት ደቂቃ ጎንበስ ብዬ ባየው ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልሆነ።

ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ትቼ ቀኑን መሬት ማየት ጀመርኩ። የተማርኩት ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚያ ቀን የመጣ ነው።

ከድንቹ ማሳ ተነስቶ ወደ ላይ የሚሄድ፣ ሣሩ የተኛበት ቀጭን መንገድ አለ። የሰው መንገድ አይደለም፣ ቁጥቋጦው ሥር ገብቶ ይወጣል። እዚያ ላይ አንድ እሾህ ወድቆ አገኘሁ፤ ጥቁርና ነጭ፣ ከስንዝር በላይ። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ኩሱ። የጃርት ኩስ እንደ ቴምር ፍሬ ሞላላ ሆኖ ጫፉ ሾጠጥ ይላል፣ ክምር ብሎ ነው የሚገኘው፣ ሲሰበር ውስጡ የሥርና የልጣጭ ቃጫ ነው። የጅብ ከሆነ አጥንት ስለሚበላ ሲደርቅ ነጭ ይሆናል። ይሄን መለየት ለእኔ ትልቅ ነገር ሆነ፤ ምክንያቱም መንገዱ የወሰደኝ ሰው ሁሉ «የጅብ ጉድጓድ» ወደሚለው ቦታ ነው።

ስሙን ያገኘው በአጥንት ነው። አፉ ላይ የበሬ ቅልጥም፣ የአህያ መንጋጋ፣ የቀንድ ስባሪ ተበትኗል። እረኞች እንኳ አይጠጉትም። እኔም ልመለስ ነበር። ግን ቅልጥሙን አነሳሁት። ጅብ አጥንት ሲያገኝ ይሰብራል፣ ያደቅቃል። ይሄ አልተሰበረም። ጠርዙ ዙሪያውን በጠባብ መሮ የተፋቀ ይመስላል፣ ጎን ለጎን የሄዱ ጥንድ ጥንድ ቦዮች አሉት። የአይጥ ጥርስ ነው፣ ግን የትልቅ አይጥ። ጃርት በአፍሪካ ካሉት የአይጥ ወገኖች ትልቁ ነው፣ ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝን አለ። እንደ አይጥ ሁሉ የፊት ጥርሱ ማደጉን አያቆምም። ስለዚህ አጥንት ለቅሞ ወደ ቤቱ ያመጣና ይፍቃል። ጥርሱንም ይሞርዳል፣ ከአጥንቱም ለሰውነቱ የሚያስፈልገውን ካልሲየም ያገኛል። ሥጋ ፍለጋ አይደለም።

ለማረጋገጥ ከምድጃ አመድ አምጥቼ አፉ ላይ በስሱ ነሰነስኩ። ሁለት ቀጫጭን እንጨትም አጋደምኩበት። በማግስቱ እንጨቶቹ ወደ ውጭ ወድቀዋል። አመዱ ላይ የሕፃን ልጅ እግር የመሰለ፣ መዳፉ ሙሉ የሆነ ዳና አለ። የኋላ እግሩ አምስት ጣት በግልጽ ይቆጠራል። ከጎኑም መጥረጊያ የተጎተተበት የሚመስል ጭረት አለ። እሾሁ ነው መሬቱን የጠረገው። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

አሁን የቀረው አቀማመጥ ነው። እዚህም ላይ ተሳስቻለሁ። በአራተኛው ሌሊት ከጉድጓዱ በላይ፣ ሁሉን ከላይ ለማየት ብዬ ተቀመጥኩ። ከከተማ ያመጣሁትን የዝናብ ልብስ ለብሼ ነበር፤ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ገብስ ቆሎ ይቆረጥማል። ከውስጥ አንድ የማጉረምረም ድምፅ ሰማን፣ ከዚያ ፀጥ። እስከ 5 ሰዓት ጠበቅን። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ሲመሽ ቀዝቃዛው አየር ከላይ ወደ ወንዙ ይወርዳል። የእኔን ሽታ፣ ከነፊት ቅባቴ፣ ቀጥታ አፍንጫው ሥር አወረድኩለት።

በአምስተኛው ሌሊት ከጉድጓዱ ጋር መፋጠጤን ተውኩ። ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ታች፣ ከመንገዱ ጎን፣ ግንድ ተደግፈን ተቀመጥን። ጋቢ ብቻ። ስልክ ጠፍቷል፣ ቆሎ ቀርቷል። ባትሪው ላይ ቀይ ፌስታል ጠቀለልኩበት፤ የሌሊት እንስሳ ቀዩን ብርሃን ብዙም አያየውም። ደግነቱ ጨረቃ አልነበረችም። ጨረቃ ደምቃ ስትወጣ ጃርት ገላጣ ቦታ ላይ መታየት አይወድም።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ደረቅ ሸምበቆ እርስ በርሱ ሲጋጭ ማለት ነው፣ ሸክሸክ ሸክሸክ። ጭራው ላይ ያሉት እሾሆች ውስጣቸው ባዶ ነው፣ ሲሄድ ይንሿሿሉ። ከዚያ የማነፍነፍ ድምፅ። ከዚያ ራሱ። እኔ ድመት የሚያክል ነገር ነበር የጠበቅኩት። የመጣው ሙክት በግ የሚመስል፣ ከአናቱ ጀምሮ ነጭ ጋማ ያቆመ፣ ቀስ ብሎ የሚረግጥ ሽማግሌ ነው። ከኋላው ሌላ ተከተለ። ከሁለቱ ኋላ ደግሞ አንዲት ትንሽ፣ እየሮጠች የምትደርስባቸው። ጃርት ጥንድ ሆኖ ነው የሚኖረው፣ ልጁንም አባትና እናት አብረው ነው የሚያሳድጉት። አምስት እርምጃ ያህል ርቀት ላይ አልፈውን ሄዱ። የአጎቴ ልጅ ክንዴን ጨብጦ ይዞኛል፤ በማግስቱ ጠባሳው ነበር።

ማሳው ጋ ሲደርሱ የጎረቤት ውሻ መጣ። ትልቁ ጃርት ቆመ። እሾሁን ነፋው፣ እጥፍ ሆነ። መሬቱን በእግሩ ደበደበ። ከዚያ ዞረና በቂጡ ወደ ኋላ ሮጠበት! ውሻው ጮኾ ጠፋ፣ ጉንጩ ላይ ሁለት ሰክቶ። ሰው «ጃርት እሾሁን ይወረውራል» የሚለው ከዚህ ይመስለኛል። አይወረውርም። እሾሁ ቆዳው ላይ ላላ ብሎ ስለሚቀመጥ ሲነካ ይነቀላል፣ ሲራገፍም ይወድቃል። በሌሊት ለሚያይ ሰው ግን ያው ነው።

ጠዋት ለአጎቴ ሁሉንም ነገርኩት። የሚገቡበትን አንድ ቀዳዳ አሳየሁት። ከጉድጓዱ ይልቅ እሱን ቢያጥር እንደሚሻል ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ስለ ትንሿ ስነግረው ፈገግ ያለ መሰለኝ። በርበሬውን ወደ ጓዳ መለሰና የግራር እሾህ ሊቆርጥ ገጀራውን አነሳ።

«ለመሆኑ ስንት ድንች በሉ?» አለኝ እየወጣ።

«እኔንጃ ጋሸ፣ እነሱን ሳይ አልቆጠርኩም።»

«እኔ ቆጥሬያለሁ» አለ። «17 ሥር።»