ሁለቱም ሞተሮች በአንድ ቀን ከታመሙ፣ መጀመሪያ ቲኤቲን ጠርጥሩ

የኢጂቲ (የሞተር ጭስ ጋዝ ሙቀት) ማርጂን ክትትላችን አሁን ቴክኒሻኑ የሚያምነው ማንቂያ መስጠት ጀምሯል። ለውጡን ያመጣው አዲስ ሶፍትዌር አይደለም፤ የቲኤቲን (የፍጥነቱን ሙቀት ጨምሮ የሚለካ አጠቃላይ የአየር ሙቀት) ንባብ ሳንመረምር መቀበል ማቆማችን ነው። በአውሮፕላን ጤና ክትትል ላይ ለምትሠሩ የሠራልንንም ያልሠራልንንም ላካፍላችሁ።

ዳታ ማንበቡን በአጭሩ ልለፈው። በአሪንክ 429 (የአውሮፕላን መሣሪያዎች ዳታ የሚለዋወጡበት ደንብ) ብዙ ሰው የሚሰናከለው ኤስኤስኤም (የዳታውን ሁኔታና ምልክት የሚናገሩ 2 ቢቶች) ላይ ነው። በቢኤንአር (በባይነሪ በተጻፈ) ቃል 11 ጤናማ፣ 00 ብልሽት ማለት ነው። በቢሲዲ (እያንዳንዱ አሃዝ ለብቻው በሚጻፍበት) ግን 00 የመደመር ምልክት ነው። ቲኤቲ በቢኤንአር ሌብል (የዳታው መለያ ቁጥር) 211፣ በቢሲዲ 231 ሆኖ ስለሚመጣ፣ የአንዱን ሕግ ለሌላው የሚጠቀም ዲኮደር ደህናውን ዳታ ይጥላል። የሌብሉ 8 ቢቶች ከቀሪው ቃል በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል እንደሚላኩም አትርሱ።

ዋናው ፈተና ማርጂኑ ራሱ ነው። ማርጂን ማለት ሞተሩ በባሕር ጠለል፣ አምራቹ በወሰነው ሞቃት ቀን፣ በሙሉ የመነሻ ግፊት ቢሠራ የሚደርስበት ኢጂቲ ከቀዩ መስመር (ከተፈቀደው ከፍተኛ ኢጂቲ) ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። አውሮፕላኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በተቀነሰ ግፊት፣ በሌላ ከፍታና በሌላ ሙቀት ነው። ስለዚህ የተለካው ቁጥር ሁሉ ተስተካክሎ ነው የሚገባው፤ ማስተካከያው ደግሞ በቴታ ላይ ይቆማል። ቴታ የሞተር መግቢያ አየር ሙቀት በኬልቪን ለ288.15 ተካፍሎ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ስሕተት ምን እንደሚያደርግ አስሉት። ኢጂቲ 850 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው እንበል፤ በኬልቪን 1,123። ትክክለኛው አየር 15 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ፕሮቡ (የአየር ሙቀት መለኪያው) 18 ካነበበ፣ ቴታ ከ1 ወደ 1.0104 ያድጋል። ኢጂቲን የምናካፍልበትን የቴታ አርቢ 1 ብናደርገው የተስተካከለው ኢጂቲ ወደ 1,111 ይወርዳል። የ3 ዲግሪ ስሕተት ሞተሩን በ12 ዲግሪ ገደማ የተሻለ አስመሰለው ማለት ነው። (አርቢው እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ የአምራቹን ተጠቀሙ።) ይህ ለጥቂት በረራዎች ሲደጋገም መነሻ መስመሩ (የምናወዳድርበት የሞተሩ የተለመደ ማርጂን) ወደ ላይ ይሳባል። ከዚያ ፕሮቡ በትክክል ሲያነብ ማርጂኑ በአንድ ጊዜ 12 ዲግሪ የወደቀ ይመስላል፤ ማንቂያው ይጮሃል፤ ቴክኒሻኑ ደህና ሞተር ሊፈትሽ ይወጣል።

ፕሮቡ ለምን ይሳሳታል? አየር የሚስብ ዓይነት ካልሆነ፣ አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ የሚለካው በፀሐይ በጋለ ቆዳ ዙሪያ የረጋውን አየር ነው። ከፊት የቆመ አውሮፕላን ጭስም፣ የፕሮቡ ማሞቂያም ያሞቀዋል። ስለዚህ ናሙናውን ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ አትውሰዱ፤ ፍጥነት ተገኝቶ አየሩ በፕሮቡ ውስጥ እስኪያልፍ ጠብቁ።

ሌላው ወጥመድ ቲኤቲንና የውጭ አየር ሙቀትን ማምታታት ነው። በማክ 0.25 (በድምፅ ፍጥነት ሩብ) ቲኤቲ ከውጭው አየር በ3.7 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። ለቴታ የሚያስፈልገው ቲኤቲ ነው፤ የአምራቹ የሞቃት ቀን ወሰን ግን የሚነገረው በውጭ አየር ሙቀት ነው። ቦሌ ላይ ይህ ይበልጥ ያሳስታል። 2,334 ሜትር ላይ መደበኛው ሙቀት ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ፣ ደስ የሚለው የ20 ዲግሪ ቀን ለሞተሩ ከመደበኛው በ20 ዲግሪ የሞቀ ቀን ነው።

ከሁሉ የምወደው ዘዴ በጣም ቀላሉ ነው፦ የግራ ማርጂን ሲቀነስ የቀኝ ማርጂን። ሁለቱም ሞተሮች ያንኑ ቲኤቲ ስለሚጠቀሙ ስሕተቱ ይጣፋል። ልዩነቱ ሳይነቃነቅ ሁለቱም አብረው ከወረዱ፣ ሞተር ከመክፈታችሁ በፊት የግራና የቀኝ ፕሮቦችን፣ የሞተሩን የራሱን የመግቢያ ሴንሰርና የሰዓቱን ሜታር (የአውሮፕላን ማረፊያውን የአየር ሁኔታ ዘገባ) አስተያዩ። ልዩነቱ ከተነቃነቀ ደግሞ የነዳጅ ፍሰቱንና ኤን2ን (የሞተሩን የውስጠኛ ዘንግ ፍጥነት) ተመልከቱ። ኢጂቲ ብቻውን ዘሎ እነሱ ከቆሙ፣ ቴርሞካፕሉን (ኢጂቲን የሚለካውን ሴንሰር) እና ኮነክተሩን ፈትሹ። ሦስቱም አብረው ከተንቀሳቀሱ ጉዳዩ የሞተሩ ነው፤ የብሊድ አየር (ከኮምፕሬሰሩ ለሌላ ሥራ የሚወሰድ አየር) መፍሰስም ይታይ።

ዘዴው ድክመት አለው። አቧራማ መስመር ላይ ሁለቱም ሞተሮች እኩል ሲያረጁ ልዩነቱ ምንም አያሳይም፤ ስለዚህ የየሞተሩን ትሬንድ ማየት አይቀርም። ማሽን ለርኒንግን ከዚህ ሁሉ በፊት ማስገባት ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ሞዴሉ የሚማረው የፕሮቡን ሙቀት ነው፣ የሞተሩን አይደለም።

ለማለስለስ ለአዲሱ ነጥብ 0.2 ክብደት የሚሰጥ ኤክስፖነንሻል አማካይ ይበቃል፤ ማንቂያውም ከ3 ተከታታይ ነጥቦች 2ቱ ወሰን ሲያልፉ ይነሳ። አንድ ነጥብ ማንንም አይቀስቅስ።

አሁንም የሚያደክመን የጥገና መዝገቡ ነው። ሞተር ሲቀየር ወይም ኮምፕሬሰር ሲታጠብ መነሻ መስመሩ እንደገና መጀመር አለበት፤ እኛ ግን ይህን ከቴክ ሎግ በእጅ ነው የምናስገባው። አንድ እጥበት ሳናስገባው ካለፈ፣ እጥበቱ የመለሰው ማርጂን ቀጥሎ የሚመጣውን እውነተኛ ውድቀት ለሳምንታት ይሸፍነዋል። ስለዚህ ማርጂን ያለ ምክንያት ሲያድግም ማንቂያ እንዲነሳ አድርገናል።