ምንም የማያውቀው ሪሞት

ቅዳሜ ማታ፣ እማዬ ቤት።

እሷ ተኝታለች። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩ አራት ሪሞቶች አያለሁ። አንዱ የቲቪው ነው። አንዱ የሪሲቨሩ። አንዱ ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ የያዘው የሳውንድ ባር፣ ማለትም የቲቪው ድምፅ ማጉያ። ትንሿ ደግሞ እህቴ ከአሜሪካ የላከችው የፋየር ቲቪ ስቲክ፣ ቲቪው ላይ ተሰክቶ ከኢንተርኔት ፊልም የሚያሳየው። አራቱም ጥቁር። ሁለቱ እንደ ወጉ ላስቲክ ለብሰዋል። የሪሲቨሩ የጀርባ ክዳን ከጠፋ ቆየ፤ ድንጋዩ በፕላስተር ነው የታሰረው።

ዛሬ አምስተኛ ጨመርኩበት። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልጻፈው።

ከሦስት ሳምንት በፊት እሁድ ጠዋት እማዬ ደወለች። «ቲቪው ሄደብኝ» አለች። የት ሄደ? ቅዳሴ እያየች ድምፅ ልጨምር ስትል የሆነ ነገር ነክታለች። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አወጣ። ገባኝ፤ ሶርስ የሚለውን፣ ቲቪው ከየትኛው ዕቃ ምስል እንደሚቀበል የሚመርጠውን ቁልፍ ነው የተጫነችው። በስልክ ልመራት ሞከርኩ። «እማዬ፣ ከላይ በኩል ካሬ ውስጥ ቀስት ያለበት አለ፣ እሱን ተጫኚ።» «ልጄ፣ መነጽሬን አድርጌም ሁሉም ካሬ ነው።» ከዚያ በሪሲቨሩ ሪሞት ቲቪውን፣ በቲቪው ሪሞት ሳውንድ ባሩን ስታዝዝ ሃያ ደቂቃ ሄደ። በመጨረሻ «በቃ ተይው፣ ሬዲዮ አለኝ» ብላ ዘጋችው። ያቺ «ተይው» ናት ሳምንቱን ሙሉ የከነከነችኝ።

አንድ ሪሞት ለሁሉም። ሐሳቤ ይኸው ነበር። ለእህቴ ስነግራት ሎጂቴክ ሃርመኒ ስለሚባል ሪሞት አወራችኝ። «ቲቪ ልይ» የሚለውን አንድ ቁልፍ ስትጫኚ ሁሉንም በየተራ ያበራል፣ ሶርሱንም ራሱ ያስተካክላል። ድርጅቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ማምረቱን አቁሟል። ያገለገለ ቢገኝ እንኳ በአፕና በአካውንት የሚዋቀር ነገር ለእማዬ ቤት አልመሰለኝም። ስልክን ሪሞት የማድረግ ነገርም አለ፤ ብዙ የሻዮሚ ስልኮች ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ሪሞት የሚያወራበት የማይታይ ብርሃን፣ አላቸው። የእማዬ ስልክ ግን ባለ ቁልፍ ነው፣ እሱንም የምታነሳው በሦስተኛው ጥሪ ነው።

ስለዚህ መርካቶ። ልጁ ወሬ አላበዛም። «ለሁሉም ይሠራል እህቴ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ውሰጂ።» ዋጋው ከአንድ ኪሎ ሥጋ ያነሰ ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ ወሰድኩ። ውስጡ ጉንዳን የሚያክሉ ቁጥሮች የተጻፉበት ወረቀት አለ። የኩባንያ ስም ትፈልጊያለሽ፣ ኮዱን ታስገቢያለሽ። ቲቪው በሦስተኛው ኮድ እሺ አለ። ሳውንድ ባሩ እምቢ። የሪሲቨሩ ስም ጭራሽ ወረቀቱ ላይ የለም። ሪሞቱ ራሱ ኮድ የሚፈልግበት መንገድም አለው፤ አንድ ቁልፍ ይዘሽ ሪሲቨሩ እስኪጠፋ ትጠብቂያለሽ። ጣቴ እስኪደነዝዝ ጠበቅኩ። የሁሉንም ቤት ቋንቋ የሚያውቅ ሪሞት የእኛን ቤት ብቻ አያውቅም።

ቋንቋ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ሪሞት አፉ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ለዓይን አትታይም እንጂ ትጠቅሳለች፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 38,000 ጊዜ ገደማ። ያ ጥቅሻ እየተቆራረጠ ሲሄድ መልእክት ይሆናል። ችግሩ አምራቾቹ የየራሳቸው አቆራረጥ አላቸው። ኮዱን ስታስገቢ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያወራ እየነገርሽው ነው። ደግሞ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ቲቪው ይብራ ይጥፋ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ይህቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

መብራቷን ማየት ከፈለጋችሁ ሪሞቱን ወደ ስልክ ካሜራ አዙራችሁ ተጫኑ። ወይን ጠጅ የሚመስል ብልጭታ ይታያል። የፊተኛው ካሜራ ብዙ ጊዜ የተሻለ ያሳያል። እኔ በዚህ መንገድ አራቱንም ስፈትሽ የስቲኩ ሪሞት ቀስቶች ምንም ብልጭታ አላወጡም። ድንጋዩ ደክሟል ብዬ አወጣሁና እንደ አባዬ ነከስ ነከስ አደረግኩት። (አባዬ ድንጋይ ሳይነክስና ፀሐይ ላይ ሳያሰጣ አዲስ አይገዛም ነበር። ነፍሱን ይማር።) ኋላ ነው የገባኝ፤ ስቲኩን የሚያዘው በብሉቱዝ ነው። ብልጭ የሚለው የቲቪውን ድምፅና ማብሪያ ስትነኪ ብቻ ነው። ስለዚህ የመርካቶው ልጅ ያን «ለሁሉም» ቢምልልኝም የሸጠልኝ ሪሞት ስቲኩን በፍጹም አያገኘውም።

ስለ ድንጋይ ካነሳሁ አይቀር፣ በጣም የወደድኩት ሪሞት ድንጋይ የማይበላው ነው። ዜኒት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1955 ዩጂን ፖሊ የሠራውን በእጅ ባትሪ ብርሃን የሚያዝ ሪሞት አወጣ። ቲቪው አራት ማዕዘኑ ላይ ብርሃን የሚያይ ነገር ነበረው። የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበትም ቻናል ይቀየር ነበር አሉ። በዓመቱ ሮበርት አድለር ያን ድንጋይ የማይበላውን ይዞ መጣ፤ ቁልፉን ስትጫን ውስጡ ያለች መዶሻ የአሉሚኒየም ዘንግ ትመታለች፣ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይወጣል፣ ቲቪው ይሰማል። በቃ። ቁልፎቹም ጥቂት ነበሩ። እማዬ የምትፈልገው ይሄን ነበር እኮ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ የቢሮ ባልደረባዬ «መጀመሪያ ሲኢሲ አብሪ» አለኝ። የኤችዲኤምአይ ገመድ ምስልና ድምፅ ብቻ ሳይሆን ትእዛዝም ያስተላልፋል፤ ዕቃዎቹ በገመዱ ይነጋገራሉ። ኩባንያዎቹ ስሙን እየቀያየሩት ነው እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ ይለዋል፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ። የቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ አበራሁት። የሳውንድ ባሩን ገመድ ኤአርሲ የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። ሳውንድ ባሩ ቲቪው ሲበራ አብሮ በራ። ስቲኩም በቲቪው ሪሞት ቀስቶች መታዘዝ ጀመረ። ሁለት ሪሞት ያለ አንድ ሳንቲም ወደ መሳቢያ ገባ። መጀመሪያ ይሄን ባደርግ ኖሮ ያቺን የመርካቶ ቀን አተርፋት ነበር።

የቀረው ሪሲቨሩ ነው። ቻናሎቻችን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ የተገዛ ነው። ሲኢሲ የሚባል ነገር አያውቅም። እማዬ ደግሞ የምታየው እሱን ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት እንደገና መርካቶ ወረድኩ፤ በዚህ ጊዜ ሌላ ሱቅ። ኦሪጂናል ሪሞቶቹን ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ። «ከሌላ ሪሞት ኮድ የሚቀዳ አለ?» አልኩ። ሰውየው ጎልማሳ ነው፤ ቀና ብሎ አየኝና «ኦሪጂናሉን ይዘሻል?» አለ። ያኔ ትክክለኛ ሰው ጋ እንደመጣሁ አወቅኩ። እዚያው ባንኮኒው ላይ ሁለቱን አፍ ለአፍ ገጥሞ አንድ ቁልፍ ቀድቶ አሳየኝ።

ይኸኛው ባዶ ነው። አንድም ኮድ አላስገባሁበትም፤ ያላስተማርኩትን ቁልፍ ብትጫኑት ዝም ይላል። መጀመሪያ እንደ ጉድለት ነበር ያየሁት። ቁልፎቹን ማስተማር ስጀምር ግን ስፈልገው የነበረው ይኸው ዝምታ መሆኑ ገባኝ። አምስት ነገር ብቻ አስተማርኩት። ማብሪያና ድምፅ መጨመሪያ፣ መቀነሻ ከቲቪው። ቻናል ወደ ላይ፣ ወደ ታች ከሪሲቨሩ። ሶርስን አላስተማርኩትም። እማዬ ቀኑን ሙሉ ብትጫነው ቲቪው የትም አይሄድባትም።

መቅዳቱ ትንሽ ፈተነኝ። ከሰዓት መስኮቱ አጠገብ ሆኜ ስቀዳ ሁለት ቁልፍ ተበላሸ፤ የፀሐይ ብርሃን ውስጥም ኢንፍራሬድ አለ። መጋረጃውን ዘግቼ፣ ሁለቱን ሦስት ሴንቲሜትር ያህል አራርቄ ደገምኩት፤ ያዘ። ከዚያ ድንጋዩን አውጥቼ ሰዓት ቆይቼ መለስኩ። አልረሳም።

ማብሪያው ግን ራስ ምታት ነበር። አንድ ቁልፍ ቲቪውንም ሪሲቨሩንም እንዲያበራ አደረግኩ። ቆንጆ ሠራ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራት እስኪሄድ ድረስ። ሲመጣ ሪሲቨሩ በራሱ በራ፣ ቲቪው ቀይ መብራቱን ይዞ ተኛ። ቁልፉን ስጫን ቲቪው በራ፣ ሪሲቨሩ ጠፋ። እንደገና ስጫን ተገላበጠ። ማብሪያውም ማጥፊያውም አንድ ትእዛዝ ነው፣ ሪሞቱ ደግሞ አይሰማም ብያችኋለሁ። ለማብራት ብቻና ለማጥፋት ብቻ የተለያየ ኮድ ያላቸው ዕቃዎች አሉ፤ የእኛ ሪሲቨር ከእነሱ አይደለም። ከሁለቱ ዕቃዎች ጋር ድብብቆሽ ስጫወት እማዬ ከኋላዬ ቆማ ታየኛለች።

«እኔ እኮ ማታ ማታ ከማከፋፈያው ነው የማጠፋው» አለች። «ቆጣሪ ይቆጥራል።»

ለካ ማታ ሁሉንም ከግድግዳው ትዘጋለች። ጠዋት ስትከፍተው ሪሲቨሩ ማንም ሳያዘው ይበራል። ስለዚህ የሪሲቨሩን ትእዛዝ ከማብሪያው ላይ አጠፋሁት። ከማከፋፈያው ሪሲቨር፣ ከሪሞቱ ቲቪ፤ ሳውንድ ባሩ ቲቪውን ተከትሎ። ሦስት ሳምንት የለፋሁበትን ግማሹን እሷ በየቀኑ ስታደርገው ኖራለች።

ከመተኛቷ በፊት አምስቱ ቁልፎች ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ ጠብ አደረግኩ። ማብሪያው ላይ ሁለቴ፣ በጣቷ እንድትለየው። የድሮዎቹን ሪሞቶች አልጣልኳቸውም። የቲቪው ሜኑ ያለ እነሱ አይከፈትም፤ አዲሱም አንድ ቀን ቢጠፋ የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው።

ይህን እሁድ ጠዋት ጨመርኩበት። ቅዳሴው ተከፍቷል፣ ድምፁም ልክ ነው። እማዬ ሪሞቱን እያገላበጠች ስታየው ቆየችና «ይሄ ላስቲክ የለውም እንዴ?» አለችኝ። አሁን ኩሽና ገብታ ፌስታል እየፈለገች ነው።